አባቴ ቤታቸውን መሸጣቸውን አያስታውሱም

አባቴ 81 ዓመታቸው ነው። ደሴ ያለውን ቤታቸውን ከ14 ወር በፊት ለጎረቤት በ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ሸጡ፤ አጠገቡ ያለው በ4 ሚሊዮን ነው የሄደው። ውሉ ተመዝግቧል፣ ገንዘቡም ባንክ ገብቷል። እሳቸው ግን እኔ ጋ ተቀምጠው «ወደ ቤት መቼ ነው የምንሄደው?» ይሉኛል።

በእጄ ያለው ከሽያጩ ስድስት ወር በፊት የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው የተጻፈ የሐኪም ማስረጃ ነው። ሆስፒታል ተኝተው አያውቁም፣ በፍርድም አልተከለከሉም (ማለትም ንብረታቸውን ራሳቸው እንዳያስተዳድሩ ፍርድ ቤት አልወሰነም)። ሽማግሌ ላክን፤ ገዢው «ስማቸውን ተጠይቀው፣ መልሰው ነው የፈረሙት» ብሎ መለሰን። (ስማቸውንማ ዛሬም አይረሱም!)

አንድ ጠበቃ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 347 መሠረት በፈረሙበት ሰዓት አእምሯቸው እንዳልነበረ ማስረዳት አለብሽ አለኝ። ሌላው ደግሞ ሳይከለከሉ ከሞቱ ቁጥር 348 ወራሾችን ውሉን ከመቃወም ስለሚገድብ መጀመሪያ የክልከላ አቤቱታ አስገቢ ይላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ውል ይፍረስልኝ ለማለት በቁጥር 1810 የተቀመጠው የሁለት ዓመት ጊዜ ነው፤ ከውሉ ቀን ከተቆጠረ የቀረኝ አሥር ወር ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ጉዳይ የያዛችሁ፦ የክልከላውን ውሳኔ ልጠብቅ ወይስ ውል ይፍረስልኝ የሚለውን ክስ አሁኑኑ በእሳቸው ስም ልክፈት?