ኢታኖል የቤንዚንን ቦታ ምን ያህል ሊተካ ይችላል?

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ ቤንዚን ለመቅዳት ተሰልፌ ሳለሁ፣ በ2001 ዓ.ም. በከተማችን የተጀመረውና በኋላ ከ5 ወደ 10 በመቶ ያደገው ኢታኖልን (የአልኮል ዓይነት ነው) ከቤንዚን ጋር የማደባለቅ ሥራ ትዝ አለኝ። ካርቡሬተር ያላት አሮጌ መኪና አለችኝ፤ ድብልቁ ይጎዳታል? አገራችንስ በዚህ መንገድ ሩቅ መሄድ ትችላለች?

መልስ (መካኒክ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ)፦ ወንድሜ፣ 10 በመቶው ሞተሩን አይጎዳም፤ የሚያስቸግረው ውኃ ነው። ኢታኖል እርጥበት ስለሚስብ፣ መኪናዋ ለረጅም ጊዜ ከቆመች ከውኃው ጋር ሆኖ ከቤንዚኑ ይለይና ታንኩ ሥር ይዘቅጣል። ከአንዲት አሮጌ ቮልስ ያወጣሁትን ነዳጅ በጠርሙስ ባቆመው፣ ከታች ጣት የሚያህል ደመናማ ፈሳሽ ተለይቶ ታየኝ። ያረጁ የጎማ ቱቦዎችንም ስለሚያለሰልስ አስቀድመው ያስቀይሯቸው፤ ፊልትሮውንም ቶሎ ቶሎ ይዩት።

መልስ (ከለገሃር)፦ ኢታኖል በሊትር የሚሰጠው ኃይል ከቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ 10 በመቶ ድብልቅ ፍጆታን በ3 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ይህ ቀላል ነው። ዋናው ጉዳይ አቅርቦቱ ነው። የእኛ ኢታኖል እንደ ፊንጫ ባሉ ስኳር ፋብሪካዎች ከሚተርፈው ሞላሰስ የሚወጣ በመሆኑ፣ አገዳው ሲቀንስ ነዳጁም ይቀንሳል። ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የአገዳውን ጭማቂ ራሱን ለነዳጅ አውላለች፤ ስኳር በሚያጥረን በእኛ አገር ግን ያንን መከተል ተገቢ አይመስለኝም። ሞላሰሱ እንዳይባክን ማድረጉ ግን ዛሬውኑ ሊሠራ የሚገባው ነው።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቱቦዎቹን በዚህ ሳምንት አስቀይራለሁ።