«ግሪን ፋየር»፦ ሊዮፖልድን የለወጠችው ተኩላዋ ናት?

የታሪክ መምህሩ፦ በአሜሪካዊው የተፈጥሮ ጸሐፊ በአልዶ ሊዮፖልድ ሕይወትና ሐሳብ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን «ግሪን ፋየር» (አረንጓዴ እሳት) ዘጋቢ ፊልም ደግሜ አየሁት፤ ቅሬታዬ ግን አልለቀቀኝም። ፊልሙ ስሙን ያገኘው በ1909 ወጣቱ የደን ባለሙያ አሪዞና ውስጥ ከጓዶቹ ጋር ተኩሶ ከጣላት ተኩላ ነው። ሲደርስባት በዓይኗ ውስጥ አረንጓዴ እሳት ሲከስም አየ፤ ያኔ ነቃ ይባላል። ታዲያ ይህን ታሪክ በድርሰት የጻፈው በ1944 መሆኑስ? በመሀሉ እኮ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ ተኩላ ሳትቀር ትገደል እያለ ሲሟገት የነበረው ራሱ ነው!

የሥነ ጽሑፍ መምህርቷ፦ ፕሮፌሰር፣ እርስዎ የሚፈልጉት የምስክር ቃል እንጂ ድርሰት አይደለም። ሰው ያየው ነገር ዘግይቶ አይገባውም? ወጣትነቱንና ለመተኮስ የጣቱን ማሳከክ እኮ አልደበቀም።

የታሪክ መምህሩ፦ ይገባዋል እንጂ። ነገር ግን በዚያው በ1909 ለእናቱ የጻፈው ደብዳቤ አለ። ተኩላ መግደላቸውን እንደ ማንኛውም የሥራ ወሬ አንስቶ ያልፈዋል።

የዱር እንስሳት ተመራማሪው፦ ሁለታችሁም ተኩላዋ ላይ ቀራችሁ። እኔ አስተማሪው አጋዘን ነው ባይ ነኝ፤ ተኩላ ሲጠፋ የሚበዛው እሱ ነውና። ሊዮፖልድ በ1943 የዊስኮንሲን የተፈጥሮ ጥበቃ ኮሚሽን አባል ሲሆን ደኑ በአጋዘን ተጨናንቆ ነበር። እንዲህ ያለ ደን የገባ ሰው ያውቀዋል፦ አጋዘን አንገቱን አስግጎ እስከሚደርስበት ድረስ ቅጠል የለም፤ ከዚያ በላይ ለምለም ነው፤ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። ከሥር ችግኝ ብትፈልግ አታገኝም። እንስቶቹም ይታደኑ ቢል ስንቱ ተነሳበት! ድርሰቱ የተጻፈው በዚህ ጭቅጭቅ መሀል ነው። እኔ ብሆን ፊልሙን ከዚህ እጀምረው ነበር።

የፍልስፍና ተመራማሪዋ፦ መቼ ነቃ ከምንል ምን ላይ ነቃ ብንል አይሻልም? እንደ ሊዮፖልድ ትክክል ማለት አፈሩን፣ ውኃውን፣ ዕፅዋቱንና እንስሳቱን በአንድነት የሚጠብቅ ነው ካልን የአንዲት አጋዘን ነፍስ ምን ዋጋ አላት? የእንስሳት መብት ተሟጋቹ ፈላስፋ ቶም ሬገን በ1983 ይህን ፋሺዝም እስከ ማለት ደርሷል። (እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም።)

የሥነ ጽሑፍ መምህርቷ፦ እሱ የሌላ ቀን ክርክር ነው፣ እህቴ። ፕሮፌሰር፣ አንድ ነገር ግን ልስጥዎት። ረቂቆቹን ያነብለት የነበረው የቀድሞ ተማሪው አልበርት ሆችባም፣ ተኩላ ሲጠፋ የራሱም እጅ እንደነበረበት እንዲናዘዝ በደብዳቤ ወተወተው። ኑዛዜው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

የታሪክ መምህሩ፦ ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ተማሪ መምህሩን ሲያርም ማሳየት ተራራ ላይ ከሚተኮስ ጥይት ያነሰ ድራማ ነው ያለው ማን ነው?