ለጁሪ አገልግሎት ስጠራ የሌሊት ተራዬና ክፍያዬ እንዴት ይሆናል?

ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት ነዋሪ ስሆን፣ ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጁሪ አገልግሎት (ተራ ዜጎች በፍርድ ቤት ጉዳይ ሰምተው ውሳኔ የሚሰጡበት ግዴታ) የፍርድ ቤት መጥሪያ ደርሶኛል። በመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ በሰዓት ክፍያ ሌሊት የምሠራ ሲሆን፣ አለቃዬ መጥሪያውን ካየ በኋላ ቀኑ ከዓመት ዕረፍቴ እንደሚቀነስና በዚያው ሌሊት እንደተለመደው ተራዬን እንደምገባ ነግሮኛል።

የግዛቲቱ ሕግ (ቁጥር 18.2-465.1) ግን አስቀድሞ በቂ ማስታወቂያ የሰጠ ሠራተኛ የዕረፍት ወይም የሕመም ፈቃዱን እንዲጠቀም እንዳይገደድ ይከለክላል። ከዚህም በላይ፣ ጉዞውን ጨምሮ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለፍርድ ቤት ያዋለ ሰው፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጀምር ተራ እንዲገባ ሊገደድ አይችልም፤ ለእንደ እኔ ያለው የሌሊት ሠራተኛ ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው። ሆኖም ሕጉ አሠሪው ደመወዝ እንዲከፍል አያስገድድም፤ የፍርድ ቤቱ የቀን አበል ደግሞ ለቤት ኪራይ አይበቃም።

ስለዚህ ተመሳሳይ ጉዳይ ያጋጠማችሁ ብትረዱኝ፦ ከአለቃዬ ጋር ሳልቃቃር ሕጉን ጠቅሼ ለሠራተኛ አስተዳደር እንዴት ልጻፍ? እምቢ ካሉስ፣ ድርጊቱ በወንጀል የሚያስጠይቅ በመሆኑ፣ አቤቱታዬን መጀመሪያ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ወይስ ለዐቃቤ ሕግ ላቅርብ?