በሞተር ሆም ስንጓዝ ሌሊቱን እንዴት በሰላም እንደር?

እናት በመንገድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ ሞተር ሆም (አልጋና ምድጃ ያለው፣ የሚታደርበት መኪና) ገዝተን በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያውን ረጅም ጉዞ እንጀምራለን። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን ነን። ትንሿ 4 ዓመቷ ነው፣ ትልቁ 7። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሌሊቱ ያስፈራኛል። ተኝተን ሳለ ሰው በሩን ቢከፍትብንስ እያልኩ ከአሁኑ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ባለቤቴ ሁለተኛ ቁልፍ ገጥሟል። ሌላ ምን እናድርግ? የኖራችሁበት ሰዎች እባካችሁ ምከሩኝ።

ጎማና ቤት፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔና ባለቤቴ በሞተር ሆም መጓዝ ከጀመርን 9 ዓመት ሆነን። የሌባውን ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። ቦታው ካልጣመሽ ቢመሽም ተነስታችሁ ሂዱ። ስታቆሙ የመኪናውን ፊት ወደ መውጫው አዙሩት። የሾፌሩ ወንበር ላይ ዕቃ አትከምሩ፣ ቁልፉም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይሁን። ያኔ ክፉ ነገር ቢመጣ ከአልጋ ተነስቶ መንዳት ብቻ ነው። መውረድ አያስፈልግም።

እኔን ሊገድለኝ የነበረው ግን በሩን ሳይነካ ነው የገባው። በሦስተኛው ዓመታችን ነው፣ ብርድ ያለበት ሌሊት። ከጎናችን ያቆመው ሰው ጄነሬተሩን ሳያጠፋ ተኝቷል። እኛ ደግሞ በእሱ በኩል ያለውን መስኮት ለአየር ብለን ገርበብ አድርገነዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የመርዛማ ጋዝ አላርሙ ጮኸ። አራት ጊዜ ተከታትሎ፣ ትንሽ ዝም፣ እንደገና አራት። ባትሪው አልቆ ነው ብዬ ላጠፋው ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝ። ራሴን ጨምድዶ ይዞኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ሽታ የሚባል ነገር የለም። ባለቤቴን ስቀሰቅሳት "ተወኝ ልተኛበት" አለችኝ፤ አንደበቷ ተሳስሯል። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ጎትቼ አወጣኋት። የጎረቤታችንንም በር ደብድቤ ቀሰቀስኩት።

የገባብን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። ከጄነሬተር፣ ከሞተር፣ ከጋዝ ምድጃ፣ ከማሞቂያ ይወጣል። ስለዚህ ያለ አላርም አንድ ሌሊት እንኳ አትደሩ። መኪናው ያገለገለ ስለሆነ አላርም ቢኖረውም ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቀን እዪ። ዕድሜው ያለፈበት አላርም የሙከራ ቁልፉን ስትጫኚ ይጮሃል፣ ጋዙን ግን ላያውቀው ይችላል። ምድጃ ለኩሶ ቤት ማሞቅ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹንም ለብርድ ብላችሁ በጨርቅ እንዳትወትፉ። ብዙ ሰው ይወትፋል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

የድሮ ሾፌር፦
ወንድማችን ያለው እውነት ነው። እኔ ደግሞ ስለ ቀን ጉዞው ልጨምር። ልጄ፣ ጎማሽን እዪ። ሞተር ሆም አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚውለው። ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። የጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማ ይዘሽ ልጆች አትጫኚ። ከዚያ በፊትም በየዓመቱ ባለሙያ ይየው።

ጭነትም አለ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። 100 ሊትር ሞልታችሁ ስትነሱ 100 ኪሎ ጭናችኋል ማለት ነው። ሁሉን ጭናችሁ፣ ሰዉም ገብቶ አንድ ጊዜ ሚዛን ላይ አውጡት። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጣችሁ አትውረዱ፤ ይግልና አልይዝ ይላል። ገና ሳትጀምሩ ማርሽ ቀንሱ። ልጆቹም መኪናው እየሄደ አልጋ ላይ አይተኙ፣ ቀበቶ ያለው ወንበር ላይ ይታሰሩ።

እናት በመንገድ፦
አሁን ባትሪ ይዤ ጎማ ስር ተንበርክኬ መምጣቴ ነው። 1114 ይላል! አራቱም አንድ ዓይነት። ጥርሱ ደግሞ አዲስ ነው የሚመስለው፣ ሻጩም "ጎማው ገና ነው" ብሎን ነበር። ባለቤቴ ነገ ሊያስቀይር ነው። አላርም ጭራሽ የለውም። ግድግዳው ላይ የተነቀለበት ሁለት ቀዳዳ ብቻ አለ። ልገዛ ነው፤ የት ልስቀለው? ለምድጃው ጋዝም ያው አንዱ ይበቃል?

ጎማና ቤት፦
አይበቃም። የካርቦን ሞኖክሳይዱን ከምትተኙበት አጠገብ ስቀዪው፤ ከፍታውን ከዕቃው ጋር የሚመጣው መመሪያ ይነግርሻል። የምድጃው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። የእሱ አላርም ከታች፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይገጠማል። ጋዝ ከሸተተሽ መብራትም አታብሪ፣ አታጥፊም። ልጆቹን ይዘሽ ውጪ፣ ሲሊንደሩን ከውጭ ዝጊው። ስትነዱም ተዘግቶ ይሁን። ሁለቱን አላርሞች ከገጠምሽ በኋላ ልጆቹ ባሉበት አስጩሂያቸውና ድምፁን ለዩ፤ ትልቁ ልጅ ሲሰማ በየትኛው በር እንደሚወጣ በቀን ይለማመድ።