የቲርጋርተን ዛፎች ለምን እኩያ መሰሉ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በርሊን ከመጣሁ ገና ጥቂት ወራት ነው። መሀል ከተማ ያለው ቲርጋርተን የሚባለው መናፈሻ የድሮ የነገሥታት አደን ቦታ ነው ሲሉኝ የዘመናት ዛፎች አያለሁ ብዬ ሄድኩ። አብዛኞቹ ግን ያን ያህል ያረጁ አይመስሉም። ምን ሆነው ነው?

መልስ 1፦
ማገዶ ሆነው! ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የድንጋይ ከሰል ጠፋ፣ ብርዱ ደግሞ አይጣል ነበር፣ ሰዉ ዛፉን እየቆረጠ አነደደው፣ ባዶውን መሬት ደግሞ ድንችና አትክልት ዘራበት። ከ200,000 ገደማ ዛፍ የተረፈው 700 ያህል ብቻ ነው። በዚያ ብርድ ልጅ ታቅፎ ባደረ ሰው ላይ እኔ አልፈርድም።

መልስ 2፦
ልክ ነው። መልሶ መትከል የተጀመረው ማርች 17 ቀን 1949 ነው፤ የመጀመሪያዋን የሊንደን ችግኝ የተከሉት ከንቲባው ኤርንስት ሮይተር ናቸው። ከሌሎች የጀርመን ከተሞች 250,000 ገደማ ችግኝ በስጦታ መጣ። ያኔ ሶቪየቶች ወደ ምዕራብ በርሊን የሚያስገባውን መንገድ ዘግተው ስለነበር የመጀመሪያዎቹ የገቡት በአውሮፕላን ነው። እህልና ከሰል በሰማይ በሚገባበት ሰዓት ለችግኝም ቦታ ማግኘታቸው ሁሌም ልቤን ይነካኛል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ፣ ከ700ዎቹ አንዱን እንኳ ፈልጌ ባገኝ ደስ ይለኛል።