እናቴን ከደለስ አየር ማረፊያ በባቡር ማምጣት ይቻላል?

ከአሌክሳንድሪያ፦
ሰላም ለሁላችሁ ወገኖቼ። እናቴ በሚቀጥለው ሳምንት፣ በሥራ ቀን ጠዋት፣ ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው በደለስ አየር ማረፊያ ትገባለች። ዕድሜዋ ከ70 ያለፈ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አትናገርም። እኔ መኪና አልነዳም፤ ባለቤቴም ፈረቃ የሚቀይረው ሰው አላገኘም። ስለዚህ ከቫን ዶርን ጣቢያ በሜትሮ (በከተማው ባቡር) ሄጄ፣ ሁለት ሻንጣ ከያዘች እናቴ ጋር በዚያው ልመለስ አስቤአለሁ። ይሆናል ትላላችሁ? አውሮፕላኑ መንገድ ላይ የሚያርፍ መሆኑም አስጨንቆኛል፤ ደረስኩ ብላ እንዳትወርድ እፈራለሁ።

ከስፕሪንግፊልድ፦
እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ደለስ ለዓመታት ታክሲ የሠራሁበት ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ። የሲልቨር መስመር ባቡር አየር ማረፊያው ድረስ መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ነው፤ ከዚያ በፊት ዊሊ ሬስተን ኢስት ጣቢያ ወርዶ አውቶቡስ መያዝ የግድ ነበር። ዛሬ ከባቡሩ ወርደሽ በመሬት ውስጥ መተላለፊያ በቀጥታ ተርሚናሉ ውስጥ ትገቢያለሽ። ስለዚህ ስትሄጂ በብሉ መስመር እስከ ሮዝሊን ጣቢያ፣ ከዚያም በሲልቨር ሂጂ። ስትመለሺ ግን አልመክርሽም። ሮዝሊን ላይ ወደ ዋሽንግተን የሚያልፉትና ወደ ቨርጂኒያ የሚመለሱት ባቡሮች የሚቆሙት በተለያየ ፎቅ ስለሆነ፣ እያንዳንዳቸው እስከ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎችንና ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት ይዘሽ ሊፍት ፍለጋ ትንከራተቻለሽ። መመለሻውን በታክሲ አድርጊው። መኪና ያለው ዘመድ ከተገኘም፣ በስልክ እስኪጠራ ድረስ ከመኪናው ሳይወርድ በነጻ የሚቆይበት መጠበቂያ ሜዳ አለ፤ ወደ አየር ማረፊያው የሚወስደው የውስጠኛው መንገድም አያስከፍልም፤ ብዙ ሰው ግን ጎን ለጎን ወደሚሄደው የክፍያ መንገድ ተሳስቶ ይገባል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ስለ ማረፊያው አትጨነቂ፣ እህቴ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነና አየሩም ስስ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ እስከ ዋሽንግተን የሚበቃውን ነዳጅ ሙሉ ጭኖ ለመነሣት ይቸገራል፤ የሚገጥመው ነፋስም ይከብደዋል። ስለዚህ ወደዚህ ሲመጣ መንገድ ላይ ነዳጅ ይሞላል፤ ማረፊያው ደብሊንም ሎሜም የሆነበት ጊዜ አለ። ወደ አገር ቤት ሲመለስ ግን በቀጥታ ይበራል። ዊልቸር አስቀድመሽ ለአየር መንገዱ አስመዝግቢ፤ ሠራተኛው ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ በፓስፖርት ቁጥጥሩና በሻንጣው በኩል አሳልፎ አንቺ ወደምትቆሚበት በር ያወጣልሻል። አድራሻሽንና ስልክሽን በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጪላት። እኔ እናቴን በዚያ በር የተቀበልኩ ዕለት ነጠላዋ ገና የቤታችን የእጣን ሽታ ነበረው፤ አቅፌያት ብዙ ሳልናገር ቆየሁ። አሁን በሕይወት የለችም። በየወሩ የምልከው ገንዘብ ፊቷን እንደማየት አልሆነልኝም ነበርና፣ ፈቃድ ከልክለውሽም ቢሆን አንቺው ራስሽ ሂጂ።

ከሀያትስቪል፦
እህቴ፣ እናትሽ ከመጡ አይቀር፣ እኅቴ ያዘጋጀችልኝን በርበሬ፣ ሽሮና ትንሽ ቋንጣ ይዘውልኝ ቢመጡ ውለታሽን አልረሳም። ዕቃው ተጠቅልሎ ዝግጁ ነው፤ ቦሌ ድረስ ታደርስላቸዋለች።

ከስፕሪንግፊልድ፦
ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን አልደግፍም። ቋንጣ ሥጋ ስለሆነ ወደዚህ አገር ማስገባት ክልክል ነው፤ በርበሬና ሽሮውም በጉምሩክ ቅጽ ወይም በቃል መገለጽ አለበት። ሳይገልጹ የተገኘ መንገደኛ ይቀጣል። ቋንቋ የማይችሉ አረጋዊት እናት ራሳቸው ያላሰናዱትን ጥቅል ይዘው ምን ብለው ይመልሳሉ?

ከሀያትስቪል፦
ወንድሜ፣ ሰው በሰው እጅ ዕቃ መላኩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እናቴ በየዓመቱ የሚልኩልኝ ሁሉ በዚህ መንገድ ደርሶኛል። ቋንጣው ይቅር ቢባል እንኳ፣ በርበሬና ሽሮውን መከልከል ከመተሳሰብ ልማዳችን ያወጣናል።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ዊልቸሩን ዛሬ አስመዝግቤአለሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከደለስ እስከ ቫን ዶርን ታክሲ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። ስለ ጥቅሉ ግን እናቴን ሳልጠይቅ ቃል አልሰጥም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
መጠየቁም ጫና ነው፣ እህቴ። እናቶቻችን እምቢ ማለት አይሆንላቸውም፤ ሲጠየቁ የራሳቸውን ልብስ ቀንሰው የሰውን ዕቃ ይጭናሉ። እምቢታውን አንቺ እዚሁ ተናገሪላቸው።

ከሀያትስቪል፦
እንግዲያው የሚቀጥለው ተጓዥ ማን እንደሆነ ንገሩኝ፤ ዕቃው ከተሰናዳ ሰንብቷል፣ እኅቴም በየቀኑ ትደውልልኛለች።