አባታችን የተወልን አሮጌ ጃዋ ሞተር፤ ስንት ብለን እንሽጠው?

ጠያቂ (ግሽ ዓባይ፣ ባሕር ዳር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን ትቶልን ያለፈ ጃዋ 350 ሞተር ሳይክል ግቢ ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል። ለዓመታት አልተነሳም። እርጥበቱ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) በልቶታል፤ ወንበሩ ተቀዷል፤ ማስነሻው ሲረገጥ ድርቅ ይላል። ሊብሬው በአባታችን ስም አለ። ቁራሌ በኪሎ ልውሰደው ብሎ እናቴ እሺ ልትለው ነው። እኔ ግን አላስቻለኝም። ዋጋው በምን ይታወቃል? ቀለም ቀብተን ብንሸጠውስ?

መካኒክ ከፋሲሎ፦ እህቴ፣ እማማን ትንሽ ይታገሱን በያቸው። መጀመሪያ ቁጥሩን እዪ። የጃዋ የሞተር ቁጥር የሚጀምረው በሞዴሉ ነው። 634 ካለ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1984 ድረስ ቼኮዝሎቫኪያ የተሠራው ነው። 638 ካለ ቀጥሎ የመጣው ባለ 12 ቮልቱ ነው። የሻንሲው ቁጥር መሪው የሚታሰርበት አንገት ላይ አለ። ናፍጣ በነካ ጨርቅ አጽጂው እንጂ በሽቦ ብሩሽ እንዳትፍቂው። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር መግጠም አለባቸው።

ማስነሻውን በእግር አታስገድዱት። ጃዋ ላይ ማርሽ መቀየሪያውና ማስነሻው አንድ ብረት ነው፤ ወደ ውስጥ ገፋ ተደርጎ ወደ ላይ ሲዞር ነው ማስነሻ የሚሆነው። ይህን ሳያውቅ ታግሎ የማስነሻውን ጥርስ የሚበላው ብዙ ነው። እንዲያም ሆኖ ድርቅ ካለ፣ ሁለቱን ካንዴላ (የእሳት መስጫውን) ፈታችሁ በየቀዳዳው ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምሩ። ጥቂት ቀን ይደር። ከዚያ ማርሽ አስገብታችሁ የኋላ ጎማውን በእጅ ቀስ ብላችሁ ወዲያ ወዲህ በሉት። ከተላቀቀ ለፒስተኑና ለፋሻው (ለፒስተኑ ቀለበት) ተስፋ አለ። የሚዞር ሞተርና የደረቀ ሞተር ዋጋቸው ለየቅል ነው።

የጣና ልጅ፦ እኔ ቀለም ይቀባ ባይ ነኝ። ዓይን ውስጥ ይገባል።

አሮጌ ሞተር ወዳድ፦ ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። እኛ አዲስ ቀለም ስናይ «ከሥሩ ምን ተደበቀ?» ነው የምንለው። የፋብሪካው ቀለም አንዴ ከተላጠ አይመለስም። እህቴ፣ አጥበሽ አድርቂውና ዝገቱን ሳትደብቂ ፎቶ አንሺው። የነዳጅ ታንከሩን ውስጡንም ጭምር።

ዋጋውን እንዲህ አስቢው። ወለሉ የቁራሌው ነው፤ ወደ 150 ኪሎ ስለሚመዝን በብረት ዋጋ አባዢው። ጣራውን ለማግኘት ደግሞ የሚሠራ ጃዋ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቂ፤ ከዚያ ላይ የማርሚታ፣ የጎማ፣ የወንበር፣ የባትሪና የመካኒክ ወጪ ቀንሺ። ድርድሩ በሁለቱ መካከል ነው። ካርቡራተሩን ብቻ ሽጪልኝ የሚል መምጣቱ አይቀርም። በፍጹም እንዳትፈቺለት! የጎደለ ሞተር ወዲያው ወደ ብረት ዋጋ ይወርዳል።

ቀበሌ 13፦ ሊብሬው በሟች ስም ስለሆነ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጡ። እናትሽን ጨምሮ ሁሉም ባለ ድርሻ ይስማማ። ስም ማዛወሩ ከዚያ በኋላ ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 634 ነው፤ ቁጥሮቹም ገጥመዋል። ዘይቱን ዛሬ ጨምረናል። እናቴም ቁራሌውን መልሳዋለች። ሐይቅ ዳር ያሉ ሆቴሎች ለጌጥ ይገዙት ይሆን?

አሮጌ ሞተር ወዳድ፦ ጠይቂያቸው። ለጌጥ የሚፈልግ ሰው ሞተሩ ባይነሳም ግድ የለውም። ማን ይግዛው ማን፣ ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ» የሚል ይግባ፤ ማጓጓዣውን ገዢው ይቻል። ገንዘቡ ተጠናቆ ሳይገባ ከግቢ እንዳይወጣ።